አባቴ ሲጋራ አላጨሰም

ይህን የምጽፈው «ይቅር በይው» ለሚሉኝም «ደግ አደረግሽ» ለሚሉኝም አይደለም። ሁለቱንም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የምጽፈው ነገሩን ከሥሩ የማውቀው እኔ ብቻ ስለቀረሁ ነው። ጋሽ ኑሩ ሞተዋል፤ እናቴ አርፋለች፤ ሰውየው ደግሞ ይኑር ይሙት አላውቅም።

ጊዜው ደርግ ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ አንዲት አነስተኛ የሲሚንቶ ፋብሪካ ነበረች። ዛሬ የለችም፤ ቦታው ላይ መጋዘን ተሠርቶበታል። እኔ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በፋብሪካዋ ንብረት ክፍል እሠራለሁ፤ ግሽ አባይ ሰፈር በቀበሌ ቤት ከእናቴ ጋር እኖራለሁ።

አባቴ አለነ ይባላል። ከመራዊ ወጣ ካለ ገጠር ተወልዶ፣ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ደግሞ፣ በኋላ ከተማ ገብቶ የፋብሪካ ሠራተኛ የሆነ ሰው ነው። ሥራው ማሸጊያ ክፍል ነበር፤ ከወፍጮው የሚወርደውን ሲሚንቶ በከረጢት እየሞላ መስፋት። ከሥራ ሲመለስ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር አመድ መስሎ ነው። እናቴ ደጅ ላይ ውኃ ይዛ ትጠብቀዋለች፤ ሳይታጠብ አይገባም። አፍንጫውን የሚሸፍነው በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ነበር፤ ሌላ የተሰጠው ነገር አልነበረም። አቧራው ከግቢው አልፎ ነፋሱ ወደ ሐይቁ ሲዞር ዳር ያለውን ደንገል ሁሉ ግራጫ ያደርገዋል። ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች «ደንገሉን ስናጭደው ዓይናችንን ይፈጀናል» ብለው አቤት ለማለት ሁለት ሦስት ጊዜ መጥተው ከበር ተመልሰዋል።

አባቴ ማሳል ጀመረ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ቀጥሎ ቀኑን ሙሉ። ሐኪሙ ፎቶ አንሥቶ «ሳንባዎ አቧራ ጠጥቷል፤ ይህን ሥራ ይተዉ» አለው። የት ይሂድ? ሠራ፤ ከዚያ ተኛ፤ ከዚያ ሞተ።

እናቴ «በሥራው ምክንያት ነው የሞተው» ብላ ለፋብሪካው አመለከተች። መልሱን የጻፈው ሥራ አስኪያጁ ጓድ ሽመልስ ነው። በዓርብ የውይይት መድረክ፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ተነበበ። «ሟች ሲጋራ አዘውትረው የሚያጨሱ በመሆናቸው፣ ሕመማቸው ከሥራቸው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።»

የዚያ አገር ሰው ይህ ቃል ምን እንደሆነ ያውቀዋል፤ ትምባሆ ማጨስ እንደ ክህደት የሚቆጠርበት አገር ነው። አባቴ የጊዮርጊስ ሰንበቴ ሙሴ፣ የማኅበሩ መሪ ነበር። ትምባሆ በዞረበት የማይዞር ሰው። ወሬው በሳምንቱ ከተማውን ሞላው። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ ቤት መጥተው እናቴን ለብቻዋ አስቀምጠው፣ «ወለተ ማርያም፣ ደብቆሽ ኖሮ ይሆን?» ብለው ጠየቋት።  እናቴ ከዚያ ቀን ወዲያ ሰንበቴ መሄድ ተወች። የአባቴን ሞት እንደምንም ችየው ነበር። ይህን ግን አልቻልሁትም።

አባቴ በሞተ በአራተኛው ወር ገደማ የመጋዘኑን የቆየ ፋይል ሳገላብጥ ሁለት ወረቀት አገኘሁ። አንደኛው ሞዴል 19፣ ንብረት ገቢ የሆነበት። ሁለተኛው ሞዴል 22፣ ያው ንብረት «ለተከላ» ተብሎ ወጪ የሆነበት፤ ተረካቢ ጓድ ሽመልስ፣ ፊርማና ማኅተም። ንብረቱ ግን አልወጣም። ከወንበሬ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ከመጋዘኑ ጥግ፣ ሸራ ለብሰው የተደረደሩ የእንጨት ሳጥኖች ነበሩ። እኔ የወፍጮ መለዋወጫ ይመስሉኝ ነበር።

የፋብሪካው ሹፌር ጋሽ ኑሩ የወረታ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። የአባቴ ወዳጅ ነበሩ። ወረቀቱን ሳሳያቸው ሸራውን ገለጥ አድርገው አዩና ከሳጥኑ አጠገብ ቁጭ አሉ።

«እኔ ነኝ ከአሰብ የጫንሁት» አሉ። «የአቧራ ማጣሪያ ነው። ወፍጮውን ሊያዘምኑት ከውጭ የታዘዘ። አየሩን እንደ ወንፊት አጥርቶ አቧራውን ያስቀረዋል አሉን። ለመትከል ግን ወፍጮው ከወር በላይ መቆም አለበት።»

«ለምን አልተተከለም?»

«ወፍጮው ከቆመ የምርት ዘመቻው ዕቅድ ይጎድላል። ሰውየው ደግሞ ከዕቅድ በላይ አመረተ ተብሎ ነው የተሸለመው። ተከልሁ ብሎ ጻፈ፣ አለቀ።»

እንግዲህ አስቡት። አባቴ እያሳለ ሲያልቅ፣ ሊያተርፈው የሚችለው ነገር እኔ በምቆልፈው በር ውስጥ ነበር። ቁልፉ ደግሞ በኔ ቀሚስ ኪስ።

ሁለቱን ወረቀቶች ወስጄ ቤት ደበቅሁ። ለማን እናገራለሁ? አቤቱታ ሁሉ የሚያልፈው በሱ ጠረጴዛ ነው። ስለዚህ ጠበቅሁ። በየቀኑ «እንደምን አደሩ ጓድ» እላለሁ፤ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ጀርባውን እያየሁ የማስበውን እግዜር ብቻ ያውቃል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮው አስጠራኝ።

«እህቴ፣ ነገ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ» አለ። ሰውየው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ንግግሩ ለስላሳ። «የዘመነውን ወፍጮ ሊጎበኙ ነው። መጋዘኑ ተዝረክርኮ እንዳያዩት። እነዚያን ጥግ ያሉ ሳጥኖች መሸንቲ ያለው የእርሻ መጋዘን ውስጥ ታስቀምጫቸዋለሽ። የመጋዘኑን ኃላፊ አነጋግሬአለሁ። እንግዶቹ አራት ሰዓት ስለሚደርሱ እናንተ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ውጡ።»

«የመውጫ ወረቀት ይሠራላቸው?»

«ወረቀት አያስፈልግም።»

«እሺ ጓድ» አልሁ። 

በቀጥታ ጋሽ ኑሩ ዘንድ ሄድሁ። ኤንትሬ የጭነት መኪናውን ውኃ እየጨመሩለት ነበር። የታዘዝሁትን ነገርኋቸው። ከዚያ ያሰብሁትን ነገርኋቸው። 

«በዚህ ዘመን አሻጥር ከተባልን በምን እንደምንጠየቅ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«እናትሽስ?»

«እናቴ ከሰው ተለይታ ቤት ውስጥ ተቀምጣለች ጋሼ። ከዚህ የባሰ ምን ይመጣባታል?»

የራዲያተሩን ክዳን አጠበቁ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «እኔ የማውቀው መኪናው እንደ ተበላሸ ብቻ ነው» አሉ። «ያረጀ መኪና ነው፤ ይበላሻል። የቀረውን አንቺ ትወጭዋለሽ።»

ረቡዕ ጠዋት ጫኚዎቹን ሆን ብዬ አዘገየኋቸው። ቁልፍ ጠፋብኝ አልሁ፤ ከዚያ ቁጥሩ አልገጠመልኝም አልሁ። ጓድ ሽመልስ ሁለት ጊዜ ሰው ላከብኝ። ጭነን ስንነሣ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ጋሽ ኑሩ በቀስታ እየነዱ ዋናው በር ጋ ሲደርሱ ሞተሩ ተንተፋተፈና ቆመ። በሩ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ወርደው የሞተሩን ክዳን ከፈቱ። ዘበኛው «ኧረ ጋሼ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው» እያለ ቢለማመጣቸውም ቀና አላሉም። እኔ ጋቢናው ውስጥ ሆኜ ሁለቱን ወረቀቶች ከደረቴ አውጥቼ ያዝሁ። 

ጓድ ሽመልስ እየሮጠ መጣ። «ግፉት! ወደ ኋላ ግፉት!» አለ። ሰው ተሰበሰበ። መግፋት ሲጀምሩ ሁለት ላንድሮቨሮች ከአስፋልቱ ታጥፈው በሩ ፊት ቆሙ።

ከመጀመሪያው የወረዱት መነጽር ያደረጉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ኢንጂነር ነበሩ። የቡድኑ መሪ እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው ሻምበል የሚሉት አጭር ሰው ወረደ። ኢንጂነሩ ለሰላምታ የተዘረጋላቸውን የጓድ ሽመልስን እጅ ጨብጠው ሳይለቁ፣ ዓይናቸው ከመኪናው ላይ ቀረ። ወደ ሳጥኖቹ ቀረቡና የተጻፈውን የፈረንጅ ፊደል አነበቡ።

«ይሄ ማጣሪያው አይደለም እንዴ?» አሉ። «ተተክሏል ብለህ ሪፖርት አድርገሃል።»

«ትርፍ መለዋወጫ ነው ጓድ» አለ ሽመልስ። «ዋናው ተተክሏል።»

ኢንጂነሩ ወደ ጋቢናው ተመለከቱ። «አንቺ ማነሽ?»

ወረድሁ። «የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ።»

«እውነት ነው? ትርፍ ነው?»

ጓድ ሽመልስ አየኝ። ሲያስፈራራኝ አልነበረም። እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነበር፤ እሺ ከማለት ሌላ ከአፌ ወጥቶ ስለማያውቅ እንደማልክደው እርግጠኛ ነበር። ያ ፈገግታ ጉልበት ሰጠኝ።

«አይደለም» አልሁ። «ገቢ የሆነውም ወጪ የሆነውም ይኸው። አንድም ሳጥን አልተከፈተም። አሁንም መሸንቲ ሄዳችሁ ደብቁ ተብለን ነው።»

ኢንጂነሩ ሁለቱን ወረቀቶች አንድ በአንድ አነበቧቸው። ከዚያ ለሻምበሉ አቀበሏቸው።  እኔ ግን አልጨረስሁም። ለዓመት ያህል ያዘጋጀሁት ጥያቄ ነበረኝና ወደ ሽመልስ ዞርሁ።

«ጓድ፣ አባቴ ሲጋራ ያጨስ ነበር?»

ግራ ገባው። ፊቴን አየ፣ ጋሽ ኑሩን አየ፣ ተመልሶ እኔን አየ።

«አባትሽ ማን ነው?» አለ።

የማስመሰል አልነበረም። እውነት አያውቀውም ነበር። ስሙን ያጠፋበትን ሰው ረስቶታል፤ እኔም የማን ልጅ እንደሆንሁ ሳያውቅ ነው እህቴ ሲለኝ የኖረው። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሻምበሉ ሽመልስን በዚያው በላንድሮቨሩ ጭኖት ሄደ።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት የምርመራ ቢሮ ተጠራሁ። ሻምበሉ ሻይ አስመጣልኝ።

«ጀግና ነሽ» አለኝ። «አንድ ነገር ብቻ ይቀረናል። ሰውየው ይህን ያደረገው ብቻውን አይደለም። ከጠላት ጋር ግንኙነት ነበረው። መጋዘኑ ውስጥ ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር ሲነጋገር አይተሻል። እንዲህ ብለሽ ትፈርሚያለሽ።»

ወረቀቱ ተጽፎ ተዘጋጅቶ ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት የተፈረመበት ሰው ወደ ቤቱ እንደማይመለስ እንኳን እኔ ሕፃን ያውቃል። ሽመልስ ደግሞ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ለሽልማት ሲል የዋሸ፣ ለመሸፈን ሲል ሟች ያዋረደ ሰው ነው፤ ሌላ ኃጢአት የለበትም።

ያን ጊዜውኑ «ይህ ሐሰት ነው» ማለት እችል ነበር። አላልሁም።

«ልቤ አልተረጋጋም፤ ጊዜ ይስጡኝ» አልሁት።

«እኛም እስከዚያ እናነጋግረዋለን» አለ። እንዴት እንደሚያነጋግሩት አውቃለሁ። ከኮሪደሩ ማዶ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ዓርብ የሽመልስ ሚስት ቤታችን መጣች። ጠይም፣ ቀጭን ሴት ናት፤ የምግብ ሰሃን በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። ለባሏ ወስዳ አንቀበልም ብለዋት ከዚያው መምጣቷ ነበር። እናቴ ከውስጥ ክፍል ሆና ትሰማለች።

«እህቴ፣ እሱ ያጠፋውን አጥፍቷል» አለች። «ግን የሚሉት ሌላ ነው። አንቺ ምስክር ነሽ አሉኝ። ልጆች አሉኝ።»

«እኔም አባት ነበረኝ» አልኋት።

«ምን ላድርግልሽ?»

«አንቺ ምንም። እሱ ግን የሚያደርገው አለ።»

አለቀሰች። አልተነሣሁላትም። ስትወጣ ሰሃኑን ደጃፉ ላይ ረስታው ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሻምበሉ ሄጄ «ፊት ለፊት አገናኙኝ፤ ከዚያ ቃሌን እሰጣለሁ» አልሁት። እንዲናዘዝ የማሳምነው መስሎት ፈቀደልኝ።

ሽመልስን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠውት ነበር። ጫማ የለውም። ፊቱ ደህና ነው፤ ቀኝ እጁ ግን እንደ ዱባ አብጧል። ዘበኛው በር ላይ ቆመ። እስከዚያ ቀን እርስዎ እለው የነበረው ሰውዬ አንተ ሆነ።

«ማን እንደሆንሁ አሁን ታውቃለህ?» አልሁት።

«ነግረውኛል።»

«ያላደረግኸውን አድርጓል ብዬ እንድፈርም ይፈልጋሉ።»

«አውቃለሁ» አለ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። «ፈርመሻል?»

«አልፈረምሁም። እውነቱን ብቻ እናገርልሃለሁ። መጀመሪያ ግን አንተ እውነቱን ትጽፍልኛለህ።»

ከቦርሳዬ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። በቀኝ እጁ ሊይዝ ሞከረ፤ ጣቶቹ አልታጠፉለትም። በግራው ሞከረ፤ ፊደሉ አልወጣለትም። ወረቀቱም ተንሸራተተበት።

«ሰኞ ልጻፍልሽ» አለ። «እጄ ሲሻለው። እምልልሻለሁ።»

«የአባቴ ሙት ዓመት ነገ ነው» አልሁት። ወረቀቱን በሁለት እጄ ወጥሬ ያዝሁለት።

እስክሪብቶውን እንደገና ባበጠው እጁ፣ በአውራ ጣቱና በመዳፉ መሐል አስገባው። እያንዳንዱን ፊደል ሲጥል ትንፋሹ ይቆራረጣል። መሐል ላይ ቆመና ቀና አለ።

«ስማቸው ማን ነበር?»

«አለነ። አለነ ብለህ ጻፍ።»

ጻፈ። አቶ አለነ ሲጋራ አጭሰው እንደማያውቁ፤ የሞቱት በፋብሪካው አቧራ እንደሆነ፤ ሲጋራ ያጨሱ ነበር የተባለው የሱ ውሸት እንደሆነ። አራት መስመር ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። እኔ አልቸኮልሁም።

ከዚያ ወደ ሻምበሉ ገብቼ ሽመልስ ማጣሪያውን እንደደበቀ፣ ሐሰተኛ ሪፖርት እንዳቀረበ፣ ከዚህ ውጭ ግን ምንም እንደማላውቅ ተናገርሁ። ሻምበሉ ፊቱ ጠቆረ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ያሰብሽው ይህን ነው? ወይስ አንቺም አብረሽው ነበርሽ?»

ያን ቀን እዚያው የምቀር መስሎኝ ነበር። ያተረፉኝ ኢንጂነሩ ናቸው። ከተማ ውስጥ ሰንብተው ሳጥኖቹን ሲያስከፍቱ ነበርና፣ ተጠርተው መጥተው «የልጅቱ ቃል ከሰነዱ ጋር አንድ ነው» አሉ። ለቀቁኝ። ሽመልስ በሐሰተኛ ሪፖርት ብቻ ተከስሶ ታሰረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወጥቶ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር መሄዱን ሰማሁ። ማጣሪያው ከክረምቱ በፊት ተተከለ። ከዚያ በኋላ ማሸጊያ ክፍል የገባ ሰው ማታ ፊቱ አቧራ ሳይለብስ ይወጣ ነበር። ደንገሉም አረንጓዴ ሆነ።

እሑድ በሙት ዓመቱ፣ ሰንበቴው በተሰበሰበበት፣ የንስሐ አባታችን ወረቀቱን ተቀብለው ቆመው አነበቡት። ሲጨርሱ አጎንብሰው እናቴን «ወለተ ማርያም፣ እኔንም ይቅር በይኝ» አሏት። ሰው ሁሉ እየመጣ ጉልበቷን ሳማት። ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ይህን ነበር። ደረቴ ውስጥ የነበረ ድንጋይ ሲወርድ ተሰማኝ።

ሰው ከሄደ በኋላ እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታዋለች፤ ማንበብ አትችልም፣ ግን ፊደሉ የተንጋደደ መሆኑን አይታለች።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጻፈው?»

ሁሉንም ነገርኋት። እጁን፣ ሰኞ ልጻፍልሽ ማለቱን፣ ወረቀቱን መያዜን። እናቴ ጉንዳን ረግጣ የምታዝን ሴት ናት። ትቆጣኛለች፣ ወይም ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ወረቀቱን በጣቷ ዳበሰችው።

«አለቀሰ?» አለችኝ።

«አላለቀሰም።»

«ማልቀስ ነበረበት» አለች፤ ተነሥታም ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። በሻምበሉ ፊት እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። ቂሙ የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ እናቴ ውስጥም፣ ያን ሁሉ ጊዜ፣ ያለ ድምፅ ተቀምጦ ኖሯል።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ደግ ሰው ሆንሁ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። የተለወጠው ነገር አንድ ነው፤ ራሴን አላምነውም። ሰው ሲበድለኝ ቶሎ ተናግሬ እጨርሳለሁ እንጂ ይዤ አላድርም፤ ይዤ ካደርሁ ምን እንደማደርግ አውቃለሁና። በመኪናው ጉዳይ አንድም ቀን ተጸጽቼ አላውቅም፤ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ያለው ነው። አንድ ቃል ብናገር ያ እጅ ላያብጥ ይችል ነበር። ያን ቃል ይዤ ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

እናንተ በኔ ቦታ ብትሆኑ ሐሙስ ዕለት ትናገሩ ነበር? ምናልባት ትናገሩ ይሆናል። እኔም ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። ሐሙስ ዕለት ብናገር ኖሮ ወረቀቱን አላገኝም ነበር፤ አባቴም እስከ ዛሬ በሐሰት ስም ተቀብሮ ይቀር ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ደስ ይለኛል። የሚያስፈራኝ ይህ ደስታዬ ነው።